አልረጋ ያለው ደሜና የጠረጠርኳት ብልቃጥ

ስለ ሕመሜ ከመጻፌ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። የጻፈውን ሰው ሳያውቅ የተጻፈውን የሚያምን አለ፤ እኔ አላምንም፣ እናንተም አትመኑ። አራጋው እባላለሁ። ቆቦ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ያለው ወፍጮ ቤት የእኔ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ ቆሞ ያስቸገረ ወፍጮ ካለ የሚጠራው እኔን ነው። ከወልድያ የመጣ ባለ ዲፕሎማ ሁለት ቀን ፈትቶ ያልገጠመውን ሞተር ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት ባለው ጊዜ አስነሥቼ ሄጃለሁ፤ ሮቢት ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የአማርኛ ፊደል የለየሁት ጡረታ የወጣ አንድ ወታደር ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ከጀርባው ቆሜ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከሞተር መመሪያ፣ ከዘይት ጣሳና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቅሜ፣ በአንዲት የተቀዳደደች መዝገበ ቃላት አሟላሁት። «ያልተማረው ኢንጂነር» ይሉኛል። አንዳንዱ ለቀልድ ነው የሚለው፤ ወፍጮው ሲቆም ግን ቀልዱን ትቶ ይመጣል። በማሽላ ውስጥ ተደባልቆ የሚመጣ ሚስማር የወፍጮ ድንጋዬን ቢበላብኝ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቼ እህል የሚጨመርበት አፍ ላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሌሎቹም እንደዚያው አድርገዋል፤ ከማን እንዳዩት ግን አይናገሩም።

መጠርጠር የሙያዬ ግማሽ ነው። የቆመ ሞተር ፊት ስቀርብ እያንዳንዷን ብሎን እንደ ሌባ ነው የማያት። ንጹሕ መሆኗ እስኪረጋገጥ አልለቃትም። ይህ ጠባዬ ብዙ ሞተር አድኖልኛል። እኔን ግን ሊገድለኝ ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመንጋጋ ጥርስ ነው። ዕድሜዬ ወደ ስድሳው ተጠግቶ ነበር። ጥርሱን የነቀለኝ ልጅ «አባባ፣ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይያዙ» አለኝ። ግማሽ ሰዓቱ አራት ቀን ሆነ። ስተኛ ትራሱ ይርሳል፣ ስነሣ አፌ ብረት ብረት ይላል። ባለቤቴ ዘሐራ የቡና ዱቄት ጠቀጠቀችበት፤ ደሙ ዱቄቱን ይዞት ወጣ። በአምስተኛው ቀን እንደ ጀመረው በራሱ ጊዜ ተወኝ። በልጅነቴም ስወድቅ ሰማያዊ እብጠት ቶሎ ይወጣብኝ ነበር፤ የሁሉም ሰው እንዲያ ይመስለኝ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሰሞን ማሽላው በጣም ይዞ ስለነበር ወፍጮ ቤቱን አይጥ ወረረው። የዘሐራ ታናሽ ወንድም ይመር ነው አብሮኝ የሚሠራው፤ እኔ ሞተሩን እይዛለሁ፣ እሱ ሚዛኑን። ይመር ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቶ በየጥጉ በተነ። በሦስተኛው ቀን አይጦቹ እየተንገዳገዱ ወጥተው መሞት ጀመሩ። አንዷን በእንጨት ገልብጬ አየኋት፤ አፍንጫዋ ላይ ደም አለ። ካርቶኑን አንሥቼ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። መርዙ የሚገድለው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው ይላል። እንስሳው በውስጡ ደምቶ ይሞታል።

በማግሥቱ ፊቴን ስታጠብ አፍንጫዬ ደማ። ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ ሲቀላ ቆሜ እያየሁ፣ «አገኘሁት» አልኩ።

ይመር ከአንድ ወር በፊት «ጋሼ፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከወፍጮው ድርሻዬ በስሜ ይጻፍልኝ» ብሎኝ እምቢ ብዬው ነበር። ምክንያቱም አለ፣ መርዙም አለ፣ ደሙም አለ። ሦስቱን ብሎን አንድ ላይ ሳጠብቃቸው ገጠሙ። የገጠመ ነገር ሁሉ ትክክል ይመስላል።

ከቤት መብላት አቆምኩ። ጠዋት ዳቦ ከሱቅ፣ ምሳ ጎብዬ ወይም ሮቢት ካለ ምግብ ቤት። ዘሐራ ሁለት ቀን ታገሠችኝ። በሦስተኛው ቀን ገበታውን ፊቴ አስቀምጣ ቆመች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«አንቺ አላጠፋሽም። ወንድምሽ ግን እዚህ ቤት ወጥ ወዳለበት እየገባ ይወጣል።»

«ምን ሊያደርግ?»

የመርዙን ካርቶን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን አየችና ገባት። «አራጋው፣ አላህን ፍራ» አለች። «ይመር ስታገባኝ ጀርባዬ ላይ የነበረ ሕፃን ነው። ያሳደግከው አንተ ነህ።»

«ለዚህ ነው የሚያናድደኝ» አልኳት።

ሽማግሌ አስጠራሁ። እኛ ዘንድ የደም ጉዳይ ሲሆን ባለ ደሞችን የሚያስታርቁ የዘወልድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የእኔ ደምም ደም ነው ብዬ እነሱን ጠራሁ። ይመር መጥቶ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ አንቱን ብገድል ሞተሩን ማን ይጠግንልኛል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ይማል አልኩ። ሳቃቸውን ዋጡ። ይመር ቁርኣን ይዞ ማለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም መንቀጥቀጡን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። በማግሥቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ዋጃ ሄደና ሌላ ሰው ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ዘሐራ ከቤቴ አልወጣችም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የምታናግረኝ በልጃችን በመዲና በኩል ሆነ። እኔ እዚያው ተቀምጬ «አባትሽን ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው» ትላታለች።

ይመር ከሄደ በኋላም መድማቴ አልቆመም። ይህ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መርዙ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል አልኩ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጊያ ስቀይር ተንሸራትቼ ጉልበቴን መታሁ፤ ጉልበቴ አብጦ እንደ ቅል ሆነ። አንዱ ክሊኒክ ቁርጥማት ነው አለኝ፣ አስፕሪን ሰጠኝ። ሌላው የአጥንት ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ፎቶ አስነሣኝ። አስፕሪኑን እንደ ቆሎ ቃምኩት። አስፕሪን ደምን የሚያቀጥን መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ የነገረኝም የለም።

ቀጥሎ ያደረግኩት የአገሬ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ዋግምት ታገምኩ። ዋግምቱን የሚያወጡት ሽማግሌ ጉልበቴን በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ቀንዱን ደፉበት። ቀንዱ ሞላ። ደፍተው መልሰው ተከሉት፤ እንደገና ሞላ። «ይህ የቆየ መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣ» አሉ። እሳቸው ቀንዳቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ከሄዱም በኋላ ደሙ ይወጣ ነበር። መዲና ሦስት ነጠላ አሰረችበት። በሦስተኛው ቀን ቆሜ መሸናት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሆስፒታል የሄድኩት፤ ስሙን አልጽፍም፣ ጥፋቱ የእኔ ስለነበር። ከተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከንጋት እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ጎኔ የነበረች የሮቢት ሴት ሕፃኗን ታቅፋ ፊቴን አየችና ተራዋን ለቀቀችልኝ። «የእኔ ልጅ ሳል ነው፤ አንቱ ግን ነጭ ሆነዋል» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ምን ይሰማዎታል?» ሲል ስለ ጥርሱና ስለ ጉልበቱ መንገር ሲገባኝ፣ «በአይጥ መርዝ ተመርዣለሁ» ብዬ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መርዙ እንዴት እንደሚሠራም አስረዳሁት። ሰውየው ገረመው። «እንዲህ አድርጎ ታሪኩን የሚናገር ታማሚ አላየሁም» አለ። ደስ አለኝ። በነገርኩት መሠረትም የመርዙን ማርከሻ አዘዘልኝ፤ ቫይታሚን ኬ ይባላል። በየቀኑ በመርፌ መቀመጫዬ ላይ ተወጋሁ።

በአራተኛው መርፌ የተወጋሁበት ቦታ አብጦ እየጠነከረ እስከ ጭኔ ወረደ። ቆዳዬ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ኑግ ጠቆረ። እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም። ደሙ ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ሥጋዬ ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር። ሐኪሙ ደንግጦ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልኝ። መዲና በአንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድማኝ ጉዞ ጀመርን። ዘሐራ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባትሽን እንዳይነጋገር ንገሪው፣ ያደክመዋል» አለቻት። ለእኔ ያለችው ነገር ይህ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ካለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሰብለ የምትባል ባለሙያ አገኘሁ፤ የደሴ ልጅ ናት። ደሜን በሁለት ቱቦ ወስዳ በማግሥቱ አልጋዬ ድረስ ራሷ መጣች።

«አባባ፣ የተመረዝኩት በአይጥ መርዝ ነው ብለው አስጽፈዋል። ማን ነው ያለዎት?»

«ራሴ ነኝ። አንብቤ።»

«ደም የሚረጋው ተራ በተራ በሚሠሩ ፕሮቲኖች ነው፤ ፋክተር እንላቸዋለን፣ ቁጥር አላቸው። አንዱ ሌላውን ያንቀሳቅሳል።»

«እንደ መዘውርና ቺንጊያ» አልኳት።

«እንደዚያው። የአይጥ መርዝ ብዙዎቹን በአንዴ ነው የሚያቆማቸው። የእርስዎ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ስምንተኛው ብቻ በጣም ጥቂት ነው። የአይጥ መርዝ ደግሞ ስምንተኛውን አይነካውም።»

«ማርከሻውን ወግተውኛል እኮ። እሱ ሌሎቹን አድኗቸው ቢሆንስ?»

«ቢሆን እንኳ ስምንተኛው ለምን ጎደለ? ማንም መርዝ ሰጥቶ ሊያጎድለው አይችልም። ሲወለዱ ጀምሮ ነው። ከእናትዎ ወገን ሲገረዝ ደምቶ የሞተ ወንድ ነበር?»

የእናቴ ታላቅ ወንድም በግርዛት ነው የሞተው። ዓይን ገብቶበት ነው ተብሎ አንድ ጎረቤት አገር ለቆ እንዲሄድ ተደርጓል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እኔ ራሴ «ደግ አደረጋችሁ» ብያለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እኔም መዲናም የምናስበው ስለ ይመር ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ ጠዋት ላይ ዋናው ሐኪም አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ፤ ውስጧ ነጭ ዱቄት አለ። ስምንተኛው ፋክተር ማለት ያ ነው። በዕርዳታ የመጣ ነው፣ ጥቂት ነው፣ በገንዘብም አይገኝም አለኝ። የግራ እግሬን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካካው። አውራ ጣቴ አልተሰማኝም።

«ደሙ ነርቩን እየተጫነው ነው። ዛሬ ካልቆመ እግሩን ልናጣው እንችላለን፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል» አለ።

«ከምን ነው የተሠራው?»

«ከሰው ደም።»

«መመሪያው የታል?»

«አባባ፣ ብዙ ታማሚ አለብኝ።»

«መመሪያ የሌለው ዕቃ ነክቼ አላውቅም።»

ወረቀቱን ሰጠኝና «እስከ ስድስት ሰዓት ይወስኑ። ካልፈለጉ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው እንሰጠዋለን» ብሎ ሄደ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። አብዛኛው አልገባኝም። አንዲት ቃል ግን ከሩቅ አወቅኳት፤ በዚያ በመርዙ ካርቶን ላይ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። «አይጥ» ይላል። ብልቃጧ ውስጥ ከአይጥ የመጣ ነገር ጥቂት ሊኖር ይችላል ይላል።

ወረቀቱን ለመዲና አሳየኋት። «ተመልከቺ» አልኳት።

«አባ፣ አሁን ደግሞ አጎቴ ይመር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ብልቃጥ ውስጥ አይጥ ጨመረ ልትል ነው?»

«ስለ ይመር አላወራሁም።»

«ሌላ የምታወራው መቼ አለህ?» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ሰብለን ልትጠራ ሮጠች።

ሰብለ ስትመጣ ከባድ ፍርሃት ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፄን ግን አጠንክሬ ያዝኩት።

«ይህ የስንት ሰው ደም ነው?» አልኳት።

«የብዙ ሺህ።»

«ከእነሱ አንዱ ኤች አይ ቪ ቢኖርበትስ?»

«መጀመሪያ እያንዳንዱ ይመረመራል። ከዚያ ቫይረስ የሚገድል ኬሚካል ይጨመርበታል። ከዚያም ስምንተኛው ብቻ ተለይቶ ይለቀማል።»

«እጅግ ጥቂት ነው ያልሽውን ነገር ከዚያ ሁሉ ደም ውስጥ ማን ለቅሞ ያወጣዋል?»

የሐኪም ማዘዣ ገልብጣ ጀርባው ላይ ቱቦ ሣለች። «ቱቦው ውስጥ ከአሸዋ የደቀቁ ኳሶች አሉ። በኳሶቹ ላይ አንቲቦዲ ተጣብቋል፤ አይንቀሳቀስም። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት የሚሠራው መያዣ ነው። አንዱ መያዣ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህኛው የሚያውቀው ስምንተኛውን ነው። የደሙን ውሃ ከላይ ያፈሱበታል፤ ሌላው ሁሉ በታች ይወጣል፣ ስምንተኛው ተይዞ ይቀራል።»

ማግኔቴን አሰብኩ። «እኔም ወፍጮዬ አፍ ላይ ማግኔት አለኝ» አልኳት። «የእኔ ግን ብረት ሁሉ ይይዛል። ያንቺ ከሺህ ሚስማር መካከል አንዱን ብቻ የሚይዝ ነው። እንዲህ ያለ ማግኔት የለም።»

«በብረት የለም። በደም አለ።»

ሥዕሉን በጣቴ ተከተልኩ። የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሰዓቱ ከአምስት አልፏል፤ መዲና ሰዓቷን ታያለች። እኔ ግን ያልገባኝን ማሽን አስነሥቼ አላውቅም።

«ይህን ያህል አጥብቆ ከያዘ ማን ያስለቅቀዋል?» አልኩ። «እኔ ሚስማሩን የማነሣው ማግኔቱን በጨርቅ ጠርጌ ነው። ከአሸዋ የደቀቀ ኳስ በጨርቅ አይጠረግም።»

ሰብለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ሐኪም ሁሉ አይጠይቅም» አለች። በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። «መጀመሪያ ቱቦው ይታጠባል፣ ያልተያዘው ጠርቶ እስኪወጣ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ያልፍበታል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ መያዣው ይላላል፤ ስምንተኛው ይለቅና ይወጣል። እሱ ነው ደርቆ ብልቃጥ የሚገባው።»

«ሲላላ መያዣውስ? ከእሱም አብሮ የሚነቀል የለም? ማግኔቴን ስጠርግ ዝገቱ ከሚስማሩ ጋር ይመጣል።»

ሳቀች። «አባባ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው አይጥ እሷ ናት!»

ነገሩን ፈታችልኝ። የሰውን ስምንተኛ ፋክተር ለአይጥ ሲሰጧት ሰውነቷ እንግዳ ነው ብሎ መያዣ ይሠራለታል። ያን የሚሠራውን ሴል ወስደው በብርጭቆ ያራቡታል፤ መያዣውን ሰብስበው ኳሶቹ ላይ ያጣብቁታል። ሲታጠብና ሲለቀቅ አንዳንዱ መያዣ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል። እጅግ ጥቂት ነው፤ ግን አለ፤ ስላለም ጽፈውታል።

«ባይጽፉት አታውቅም ነበር» አለች መዲና።

ይህ ነገር ያዘኝ። በሕይወቴ ብዙ መመሪያ አንብቤያለሁ። ሁሉም ማሽኑ እንዴት ጎበዝ እንደሆነ ይናገራል። ከራሴ የሚረግፍ ነገር አለ ብሎ ሳይጠየቅ የጻፈ ያን ቀን ነው ያየሁት። ጥፋቱን አስቀድሞ የሚናገርን ሰው እንዴት አድርጌ እንደምጠረጥረው አላወቅኩም።

«ሰውነትዎ በአይጧ ሊቆጣ ይችላል፤ አጠገብዎ ሆነን እንጠብቃለን» አለች ሰብለ።

«ሠላሳ ዓመት አይጥ የሮጠበት ዱቄት በልቻለሁ። ከተቆጣ እስከ ዛሬ በተቆጣ ነበር።»

አንድ ነገር ቀረኝ። በመዲና ስልክ ወደ ሰፈራችን ሸህ ደወልኩ። ደም ነው፣ አይጥ አለበት፣ ምን ይላሉ አልኳቸው። «የተቸገረን ሰው አላህ ምሮታል» አሉ። «ደግሞ አራጋው፣ አንተ ሐላል መሆኑን ነው የምትጠይቀኝ ወይስ መፍራትህ እንዳይታወቅ ምክንያት እየፈለግህ ነው?» ስልኩን ዘጋሁት። እኚህ ሰው ከልጅነቴ ያውቁኛል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል «አድርጉት» አልኩ። አንድ ነገር ግን ለመንኩ፤ ከመርፌው በፊትና በኋላ ደሜ ሲመረመር በዓይኔ ልይ አልኩ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ፣ ሰብለ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ ላብራቶሪ አስገባችኝ። የመጀመሪያውን ደም ውሃውን ለይታ፣ የሚጨመረውን ጨምራ፣ ትንሿን ቱቦ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ታወዛውዛት ጀመር። በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩ። ጤነኛ ሰው የሚረጋበት ጊዜ አለፈ። የእኔ አሁንም እንደ ውሃ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስድሳ ዓመት የኖርኩበትን ጉድለቴን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው በደም ሥሬ ቀስ ብለው ሰጡኝ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ደም ወሰዱ። ሰብለ ሁለተኛዋን ቱቦ ታወዛውዛለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። የጤነኛው ሰዓት ሳያልፍ ቱቦዋ ውስጥ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታየ፤ ከዚያ ረጋ። ብትገለብጠውም አልፈሰሰም። ቱቦዋን ተቀብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት።

«አለቀሱ እንዴ?» አለች ሰብለ።

«ጭስ ነው» አልኳት። ላብራቶሪ ውስጥ ጭስ የለም።

በማግሥቱ እብጠቱ መጨመሩን አቆመ። በአራተኛው ቀን አውራ ጣቴን በእስክሪብቶ ሲነኩኝ «አቦ ተው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በምርኩዝ ቆቦ ገባሁ። ዘሐራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ገበታ አቀረበች፤ በላሁ። ሳህኑን ስታነሣ፣ «ጨው አንሶታል?» ብላ ራሴን ጠየቀችኝ፤ በመዲና በኩል አይደለም።

በሳምንቱ ዋጃ ሄድኩ። ጥፋተኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መቆሙ የኛ ልማድ ነው። ሐኪም ከባድ ነገር እንዳልሸከም ከልክሎኛል፤ አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌዎች ተመካክረው የሎሚ የምታክል ጠጠር መረጡልኝ። አልተቀበልኩም። ይመር ላይ የጫንኩት የሎሚ ያህል አልነበረም። የጡብ ያህል የሆነ አንሥቼ አንገቴ ላይ አድርጌ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ይመር በዱቄት ነጥቶ ከሚዛኑ ኋላ ወጣ።

«ያውርዱት ጋሼ» አለ። «ትከሻዎ ቢያብጥ ደግሞ ይመር ነው ይሉኛል።»

«ደሜ ነው የጎደለው» አልኩት። «ከእናቴ ነው። አንተ የለህበትም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔ ስምል አላመኑኝም። ደምዎ ሲምል አመኑት» አለ።

ድንጋዩን አወረደልኝ።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ዘርዝሬ ላብቃ፤ እንደኔ ያለ ሰው ካለ ይጠቀምበት።

— ጥርስ ሲነቀል ወይም ሲገረዝ ከአንድ ቀን በላይ የደማ ሰው የደም ምርመራ ሳያደርግ አስፕሪን እንዳይውጥ፣ ሥጋው ላይ መርፌ እንዳይወጋ በትልቅ ፊደል ጽፌ ወፍጮ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ዱቄት የሚያስፈጭ ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ ለማይችለው እኔ አነብለታለሁ።

— ዋግምት የሚያወጡት ሽማግሌ ምላጩን ከማንሣታቸው በፊት «ጥርስህ ሲነቀል ስንት ቀን ደማህ?» ብለው እንዲጠይቁ አስምያቸዋለሁ። እስካሁን ሁለት ሰው መልሰዋል።

— የበሽታዬን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። እንግሊዝኛውን ራሴ ነው የጻፍኩት፤ ሰብለ አንድ ፊደል ብቻ አረመችልኝ።

— እንደኔ ያለ ሰው ሴት ልጁ ሁሉ ጉድለቱን ተሸክማ ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው እንደምትችል ተማርኩ። መዲና ወንድ ስትወልድ የግርዛቱን ቀን አስቆምኩ፤ ቤተ ዘመድ «ሽማግሌው አበደ» አለ። ልጁ ተመረመረ፣ አለበት። ሆስፒታል ውስጥ ብልቃጧን ወስዶ ተገረዘ። አልደማም።

— በዓይን ተጠርጥሮ የተባረረውን የጎረቤታችንን ልጆች ፈልጌ አገኘሁ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች በእሷ ስም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንዱ ተቀበለኝ። ሌላው በሩን ዘጋብኝ፤ አልፈረድኩበትም።

— የወፍጮውን ድርሻ በይመር ስም አጻፍኩ። ተመልሶ ሚዛኑን ይዟል።

— ምሳውን ግን ከቤቱ በጨርቅ ቋጥሮ ነው የሚመጣው። እኔ ቤት አይበላም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩትም። ባለፈው ማክሰኞ ሞተሩ እስኪበርድ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ እጄን ዘረጋሁለት። ቆሎውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ዘገነ።